የሴት ልጅ ዋስትና ትዳር ብቻ አይደለም

ወንድ ልጅ ለሥራና ለገቢ፣ ሴት ልጅ ግን በቅድሚያ ለትዳር ተዘጋጅታ ብታድግ ቤተሰብ ይጸናል የሚለው በየጊዜው በኅትመት የሚቀርብ አስተያየት፣ ለባህል ከመቆርቆር የመነጨ ቢመስልም በማስረጃ ሲመዘን ውድቅ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር፤ ከቤት ውጭ መሥራቷን የመቃወም መብትም ሰጥቶት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ፣ የጋራ ሀብትን፣ ማለትም በጋብቻ ዘመን የተፈራን ንብረት፣ ባልና ሚስት በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች አካባቢዎችን ሲያነጻጽሩ፣ ሕጉ ቀድሞ በተተገበረባቸው ስፍራዎች ሴቶች ከቤት ውጭ በሚከናወን፣ ክፍያ ባለውና ሙሉ ጊዜ በሚጠይቅ ሥራ ይበልጥ መሰማራታቸውን አሳይተዋል።

ሆኖም ሕግ የፈቀደውን አስተዳደግ ሊነፍግ ይችላል፤ ወንድሟ በሚያጠናበት ሰዓት ውኃ እንድትቀዳና እንጀራ እንድትጋግር የምትደረግ ልጅ፣ ከእርሱ እኩል ብትመዘገብም እኩል አትማርም። የትዳር አጋር ሊሞት ወይም ጋብቻው ሊፈርስ ስለሚችል፣ የኢኮኖሚ ነጻነት፣ ይኸውም በራስ ገቢ የመኖርና በገንዘብ ላይ የመወሰን አቅም፣ ለሴት ልጅ ቅንጦት ሳይሆን መጠበቂያ ነው። ወንዱም ቢሆን የቤት ሥራንና የልጅ እንክብካቤን ሳይማር ካደገ፣ የምትሠራ ሚስቱን ድርብ ሸክም ያሸክማታል። ስለዚህ ለትዳር ጽናት የሚቆረቆር ወላጅ ሁለቱንም ልጆቹን ለገቢም ለቤትም ኃላፊነት እኩል ማዘጋጀት ይገባዋል።