የአበባ ችግኝ በሻንጣ አይገባም

በበደሳ ከተማ ወደ አንድ ቡና ነጋዴ ግቢ የሚዘልቅ እንግዳ ዓይኑ በቅድሚያ የሚያርፈው በመጋዘኑ ደጃፍ በተከመረው ጆንያ ላይ ነው። ጥቂት ዘወር ሲል ግን በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ጀርኒየም፥ በአጥሩ ላይ የተንዠረገገ ቡጋንቪሊያ፥ በበረንዳውም ሥር የተደረደረ ጽጌ ረዳ ያያል። በአሰበ ተፈሪም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የጨርጨር ነጋዴ ከሚዛንና ከደረሰኝ በቀር ሌላ ፍቅር የለውም ብሎ የሚናገር ቢኖር፥ ግቢውን ሳያይ የሚናገር ነው።

ይህ ፍቅር እያደር ሌላ ምኞት መውለዱ አይቀርም። ዕቃ ለመግዛት ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚመላለሰው አስመጪ በአንድ ሆቴል አደባባይ ሮዶደንድሮን የሚባለውን ቁጥቋጦ ሙሉ በሙሉ በአበባ ተሸፍኖ ሲያይ፥ አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጦ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በሻንጣው ውስጥ ለማኖር ይቃጣዋል። «አንዲት ቅርንጫፍ ማንን ትጎዳለች?» ይላል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ከዚህች ጥያቄ ጋር ነው። አበባው ወደ ጨርጨር ከተሞች መምጣቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚመጣው በሕግ በር፥ በአንድ የአትክልተኞች ማኅበር ስም፥ በፍሬ መልክ መሆን ይገባዋል እንጂ እያንዳንዱ ሰው በየሻንጣው ሸሽጎ የሚያስገባው ሊሆን አይገባም።

በመጀመሪያ ስለ ተክሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሮዶደንድሮን የሚለው ስም የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጓሜውም «የጽጌ ረዳ ዛፍ» ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ከጽጌ ረዳ ጋር ዝምድና የለውም። ቤተ ዘመዱ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የሚበቅለው የእኛው አስታ ነው። በአበባ ገበያ አዛሊያ እየተባለ የሚሸጠውም የዚሁ የሮዶደንድሮን ወገን ነው። በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የበቀለ ሮዶደንድሮን የለም። ከወገኑ መካከል ቪሬያ የሚባሉት የሐሩር አገር ዓይነቶች ወደ 300 የሚጠጉ ዝርያዎች ሲሆኑ፥ የትውልድ አገራቸው ኒው ጊኒ፥ ቦርኒዮ፥ ሱማትራና ፊሊፒንስ ነው። እዚያም ቢሆን በብዛት የሚኖሩት በሞቃቱ ቆላ ሳይሆን ጉም በማይለየው ተራራ ላይ ነው፤ ብዙዎቹም ሥራቸውን በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰድደው፥ ዛፉን ሳይጎዱ፥ ከዝናቡና ከረገፈው ቅጠል ምግባቸውን ያገኛሉ።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ አገር የቪች ቤተሰብ የችግኝ ንግድ ቤት ከእነዚህ ጥቂት ዝርያዎችን አስመጥቶ በማዳቀል ብዙ አዳዲስ ዓይነቶችን አውጥቶ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ተክሎች ክረምቱን የሚያልፉት በመስተዋት ቤት ውስጥ እሳት እየነደደላቸው ስለ ነበር፥ ዘመኑ ሲለወጥና ማገዶውም ሰውም ሲጠፋ አብዛኞቹ አብረው ጠፍተዋል። እንግሊዙ በከሰል የገዛውን አየር የበደሳ ሰው ያለ ዋጋ አግኝቶታል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ፥ ቀኑ ለእነዚህ ተክሎች ከልክ ያለፈ ሙቀት የለውም፤ ሌሊቱም ውርጭ አያወርድባቸውም።

አየሩ እንዲህ ከተስማማ ችግሩ ከአፈሩ ነው። በሐረርጌ ከፍታዎች ብዙ ስፍራ ከሥር ያለው ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። ሮዶደንድሮን ደግሞ ኮምጣጣ አፈርን የሚወድ፥ ኖራን አጥብቆ የሚጠላ ተክል ነው። ኖራ ባለበት አፈር ላይ የተተከለ እንደ ሆነ ሥሩ ብረት የተባለውን ማዕድን መሳብ ይሳነዋል፤ የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር በመካከሉ ያለው ገላ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያም በኋላ ተክሉ ቀስ በቀስ ይደርቃል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ውሃ ያነሰው መስሎት ከጉድጓድ እየቀዳ ያጠጣዋል፤ የጉድጓዱም ውሃ ኖራ ያለበት ከሆነ በመርዝ ላይ መርዝ መጨመር ነው።

የግቢን አፈር ለመመርመር ላቦራቶር መሄድ ግድ አይደለም። ከግቢው የተለቀመ ደረቅ ድንጋይና አፈር ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው፤ ከፈላና አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። እንዲህ ያለ ግቢ ያለው ሰው ተክሉን በመሬት ላይ መትከሉን ትቶ በሸክላ ወይም ከሥሩ በተበሳ ጀሪካን ውስጥ ይትከለው። መሙያውም ተራ አፈር ሳይሆን ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፥ የዛፍ ቅርፊትና በሚገባ የበሰበሰ ቅጠል ይሁን፤ ምክንያቱም ይህ ሥር ውሃ ከሚጠግብ ይልቅ አየር ቢያገኝ ይመርጣል። የሚጠጣው ውሃ ደግሞ በክረምት ከቤቱ ቆርቆሮ ወርዶ በበርሜል የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ በልግ ያለው ደረቅ ወራት የሚታለፈው በዚያ በርሜል ስለሆነ፥ ለዚህ አበባ ከችግኙ አስቀድሞ የሚገዛው በርሜሉ ነው። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ ባለሱቆች ይህን ቢያስቡበት አይከፋም።

እንግዲህ ወደ ሻንጣው እንመለስ። ሮዶደንድሮንን ከሚገድሉት በሽታዎች አንዱ ፊቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባል፥ በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚራባ፥ ዓይን የማያየው ተሕዋስ ነው። ይኸው ተሕዋስ በዓለም የአቦካዶ እርሻ ሁሉ የታወቀው የሥር አበስባሽ ነው። አንድ ጭብጥ እርጥብ አፈር ከሥሩ ጋር አብሮ የመጣ ችግኝ በደሳ ውስጥ በአንድ በረንዳ ላይ ሳለ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ከሸክላው የፈሰሰው ውሃ ግን በጎረቤት ግቢ ወዳለው የአቦካዶ ዛፍ መንገዱን ያውቃል። አቦካዶ ዛሬ የገበሬውም የፍራፍሬ ነጋዴውም ተስፋ በሆነበት በዚህ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዚሁ ተሕዋስ ወንድም የሆነው ፊቶፍቶራ ራሞረም ያደረሰው ጥፋት ደግሞ የታወቀ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመንና በኔዘርላንድ የችግኝ ስፍራዎች ሮዶደንድሮን ላይ ታየ፤ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ2001 እ.ኤ.አ. ነበር። በካሊፎርኒያ ብዙ ሚሊዮን የባሉጥና የባሉጥ ወገን ዛፎችን ገድሏል፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሪታንያ ላርች የተባለውን የደን ዛፍ አጥቅቷል። ከአገር ወደ አገር፥ ከችግኝ ቤት ወደ ደን ያጓጓዘው በአብዛኛው የጌጥ ተክል ንግድ ነው። በሮዶደንድሮኑ ቅጠል ላይ ይታይ የነበረው ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ቡናማ ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ሻጩም ገዢውም ቅጠሉን ቀጥፈው ጥለውት ይሆናል።

ይህ የሌላ አገር ታሪክ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር በሐረርጌ መንገዶች ዳር የሚታየውን የወፍ ቆሎ ይመልከት። ላንታና የሚባለው ይህ ቁጥቋጦ ከአሜሪካ ሐሩር አገሮች ተነሥቶ ዓለምን የዞረው ለአበባው ውበት ሲባል ነው፤ በአንዱ ዘለላ ላይ ቢጫውም ቀዩም በአንድነት ይታያልና ማንም ሰው በአጥሩ ላይ ቢተክለው አይፈረድበትም። ፍሬውን ወፎች በልተው በየሜዳው ዘሩት። ዛሬ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የግጦሽ መሬት እየወረሰ ነው፤ ከብት ቢበላውም ይመርዘዋል። የመጀመሪያው ሰው ያመጣት ቅርንጫፍ በእርግጥ አንዲት ነበረች።

ስለ ከብት ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። የሮዶደንድሮን ቅጠል ለፍየልም ለበግም ለበሬም መርዝ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ሰንጋውን የሚያደልበው በየዕለቱ አገዳና ቅጠል እየለቀመ በደጁ እየመገበ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። በከተማ ግቢ ተከርክሞ በአጥር ላይ የተወረወረ ቅጠል ማታ በማን ግርግም ውስጥ እንደሚገኝ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። የአንድ ሰንጋ ዋጋ ደግሞ ስንት የአበባ ሸክላ እንደሚገዛ ባለሱቁ ራሱ ያስላው።

በደሳ ስሟን ያገኘችው በቡና ነው፤ ቡናውም እንግዳ በሽታ ምን እንደሚያደርግ አይቷል። የቡና ፍሬ በሽታ በ1922 እ.ኤ.አ. በኬንያ ታወቀ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ታየ። ያመጣው አበባ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በመካከሉ ያለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጊዜ አንድ ነገር ያሳያል፤ አንድ በሽታ ከድንበር ውጭ በቆየበት በእያንዳንዱ ዓመት ገበሬውም ላኪውም ተጠቅመዋል። አገራችን የዕፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ ያወጣችውም በዚያው በ1971 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። አሠራሩም ለአስመጪዎች እንግዳ አይደለም፤ አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድ ይጠየቃል፥ ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤንነት የምስክር ወረቀት ይመጣል፥ ዕቃው በበሩ ላይ ይመረመራል።

«ይህ ሁሉ ወረቀት ለአንዲት አበባ ነውን?» የሚል ቅሬታ ይሰማል። ቅሬታው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአንድ ሰው፥ ለአንድ ሸክላ ሲባል ከበደሳ አዲስ አበባ መመላለስ፥ የፈቃድና የምርመራ ወጪ መክፈል፥ የአበባውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። ሰው ወደ ሻንጣው የሚዞረውም ከክፋት ሳይሆን ከዚህ የተነሣ ነው። ደንቡን እየረገሙ መኖር ግን ደንቡን አይለውጠውም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። የበደሳ፥ የአሰበ ተፈሪና የአካባቢው ከተሞች አበባ ወዳዶች አንድ ማኅበር ቢያቋቁሙ አንዱ ፈቃድ፥ አንዱ ምርመራ፥ አንዱ ጉዞ ለሁሉም ይበቃል።

በሌላ አገር የተደረገውም ይኸው ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ ሮዶደንድሮን ማኅበር ዛሬ በየክፍለ ግዛቱ ቅርንጫፎች አሉት፤ አባላቱም ፍሬና እውቀት ይለዋወጣሉ። ለነጋዴ ጆሮ ይበልጥ የሚጥመው ግን የጌንት ከተማ ነገር ነው። በቤልጂየም የምትገኘው ይህች ከተማ በ1808 እ.ኤ.አ. የዕፅዋት ወዳዶች ማኅበር አቋቋመች፤ በተከታዩም ዓመት አባላቱ በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ጥቂት ተክሎችን ደርድረው የመጀመሪያውን የአበባ ትርኢት አሳዩ። ዛሬ የጌንት አዛሊያ በአውሮፓ ሕግ ስሙ የተጠበቀ የንግድ ዕቃ ነው። በደሳ ነገ ጌንት ትሆናለች ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ተስፋ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ ገንዘብን በኪስ መያዝ ይሻላል። በመጠጥ ቤት ተሰብስበው አበባ ያሳዩት ሰዎች ግን በዚያን ቀን ስለ ውጭ ንግድ ያስቡ ነበር ለማለት ያዳግታል።

የንግድ ምክር ቤቱ አባላት በዚህ ነገር ሊረዱ የሚችሉት በብዙ ገንዘብ አይደለም። ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ ቢያዝ ይበቃዋል፤ ትእዛዙም ሥርና አፈር ያለው ችግኝ ሳይሆን ፍሬ ይሁን። የቪሬያ ፍሬ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ በአንድ የደብዳቤ ፖስታ ውስጥ የመላው ማኅበርተኛ ድርሻ ይገባል፤ ይዞት የሚመጣውም የበሽታ ዕድል ከችግኝ እጅግ ያነሰ ነው። እውነት ነው፥ በፍሬ የጀመረ ሰው አበባ ለማየት ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይታገሣል፤ ፍሬውም ቶሎ ካልተዘራ ይሞታል። በየመንገዱ እየተጓተተ ወራት የሚያሳልፍ ፖስታ ባዶ ገለባ ሆኖ እንዳይደርስ፥ የትራንዚት ሥራ የሚያውቁ አስመጪዎች ትእዛዙን በእጃቸው ቢይዙት መልካም ነው። የበቀለው ቡቃያ ደግሞ ለአባላቱ ከመከፋፈሉ በፊት አንድ ዓመት ያህል ከአቦካዶና ከቡና በራቀ በአንድ በታጠረ ስፍራ ይቆይ፤ በዚያም የግብርና ባለሙያ ይመልከተው።

ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ ማኅበሩ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይኖርበትም። ቢጫ አበባ የሚያፈካው አሜጃ አለ፤ አስታም አለ። ማኅበርተኞቹ የእነዚህን ፍሬ እየለቀሙ ማፍላት ቢለማመዱ ከውጭ የሚመጣውን እንግዳ ለማሳደግ እጃቸው ይፈታል። ይሁን እንጂ ችግኝ ፍለጋ የደጋ አጋዘን ወደሚጠበቅበት ወደ ኩኒ ሙክታር ተራራ አካፋ ይዞ የሚወጣ እንዳይኖር አስቀድሞ በደንባቸው ይጻፉት። ለበረንዳው የሚሆነው ሸክላ በከተማው ገበያ ይገኛል። በርሜሎቹ ደግሞ ከሰኔ በፊት ከየቤቱ ቆርቆሮ ሥር ቢቀመጡ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ አያመልጥም።