«ዴቬሎፕመንት» ማንን ነው የሚያሳድገው?

በግቢያችን ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነገር ተቆጥሮ የማያልቅ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ፤ እርሱም «ዴቬሎፕመንት» ነው። የኤኮኖሚክስ ተማሪ ያለ እርሱ ገጽ አይሞላም፤ የእርሻም ሆነ የሕግ ተማሪ እንደዚሁ። የመመረቂያ ጽሑፎች ከተደረደሩበት መደርደሪያ ፊት ቆሞ ርእሶቹን ለሚያነብ ሰው ከሁሉ ቀድሞ ዐይን የሚገባው ይኸው ቃል ነው። ይህን ያህል ስንገለገልበት ግን «ለመሆኑ ምን ማለታችን ነው?» ብለን እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራንም፣ ጥቂት ታግሣችሁ ብታነቡልኝ ያለኝን አስተያየት ላቅርብ።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን የጥንት ትርጉሙ የተጠቀለለን መፍታት ነው። ደብዳቤ የምናሽግበትን ወረቀት ኤንቬሎፕ እንላለን፤ «ዴቬሎፕ» የዚያ ተቃራኒ መሆኑ ነው። ፎቶግራፍ አንሺ በጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጥብ እንግሊዞች ሥራውን በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ማጠቢያው መድኃኒት ሥዕሉን አይፈጥረውም፤ በፊልሙ ላይ ተቀርጾ ተደብቆ የቆየውን ያወጣዋል እንጂ። መምህር በጽሑፋችን ጠርዝ ላይ በቀይ ቀለም «ይህን ሐሳብ ዴቬሎፕ አድርግ» ብሎ ሲጽፍም በውስጡ ያለውን ዘርዝረህ አውጣ ማለቱ ነው። (እኛ ገጽ ጨምር የተባልን እየመሰለን መምህራንን ስንቱን አሰልቺ ገጽ እንዳስነበብናቸው እነርሱ ይናገሩ።) ቃሉ ሁልጊዜ ለበጎ ነገር ይውላል ማለት ግን አይደለም፤ እንግሊዝ ሰው ሲታመም እንኳ ሕመሙን «ዴቬሎፕ አደረገ» ይላል። እኛ «ያዘው»፣ «ጀመረው» እንላለን እንጂ እገሌ ስኳር በሽታን አለማ አንልም።

ነገሩ የሚከፋው ቃሉ ከአገርና ከመሬት ጋር ሲጣመር ነው። በእንግሊዝኛ አገር ራሱ «ዴቬሎፕ» ያደርጋል፤ ሌላው ደግሞ መጥቶ ያንኑ አገር «ዴቬሎፕ» ያደርገዋል። ግሡ መልኩን አይለውጥም። «ዴቬሎፕመንት» ተብሎ ስም ሲሆንማ ባለቤቱም ተሳቢውም አብረው ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1929 የብሪታንያ ፓርላማ የቅኝ ግዛቶች ዴቬሎፕመንት ሕግ የሚባል አውጥቶ ነበር። ለቅኝ ግዛቶቹ እርሻና ኢንዱስትሪ ገንዘብ እንዲመደብ ሲያዝ ምክንያቱን አልደበቀም፤ በዚያው ከብሪታንያ ጋር የሚደረገው ንግድና የብሪታንያ ኢንዱስትሪ እንዲጠቀም ነው። ሕጉን ያነበበ ሰው ማን ለማን እንደሚሠራ ይገባዋል፤ ርእሱን ብቻ ያነበበ ግን በጎ አድራጎት ይመስለዋል። ከዚያም እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1949 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን ሥራቸውን ሲጀምሩ ባደረጉት ንግግር ላይ «ያላደጉ» ስለሚባሉ አገሮች ተናገሩ። አባባሉ ቀድሞም ነበረ፤ በዓለም አደባባይ የናኘው ግን ከዚያ ወዲህ ነው። ኋላም «ያላደጉ» የሚለው ነውር ሆነና «በማደግ ላይ ያሉ» ተባልን። የዓለም ባንክ እንኳ ያደጉና በማደግ ላይ ያሉ የሚለውን ክፍፍል ከዋናው የስታቲስቲክስ መጽሐፉ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እኛም በበኩላችን «ታዳጊ አገር» ብለን ተረጎምነው። በጥንታዊነቱ የሚኮራ አገር ታዳጊ ሲባል አለመሳቁ ይገርመኛል። ደግሞም በአማርኛ ታዳጊ ማለት ከመከራ የሚያድን ማለትም ነውና ታዳጊ የሌለው ታዳጊ አገር እንዳንሆን ያሰጋል።

ወደ ራሳችን ቋንቋ እንምጣ። አማርኛ በዚህ ነገር ድኻ አይደለም፤ እንዲያውም ከእንግሊዝኛው የጠራ ነው። ውኃ የሚያቀብልን ልጅ ሽማግሌ «እደግ ተመንደግ» ብሎ ይመርቀዋል። አደገ የሚባለው ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ የሚያድገውም ራሱ ነው። ሌላ ሰው ካለበት ቃሉ ይለወጣል፤ አሳደገ ይባላል፤ ማን ማንን እንዳሳደገም ወዲያው ይጠየቃል። ለማ የመሬት ነው፤ ተቃራኒው ጠፋ ነው፤ ሰው የለቀቀው እርሻ ጠፍ የሚባለው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ልማት ሰው በመሬቱ ላይ መኖሩን፣ ማረሱን፣ መዝራቱን ይጠይቃል ማለት ነው። በለጸገ ከባለጸጋ የመጣ ነውና ሀብትን ይመለከታል። ሠለጠነ ከሥልጣን ጋር አንድ ሥር አለው፤ አንድን ነገር አውቆ በእጁ ማስገባት ነው። ገበሬውማ በእነዚህም አይወሰንም። ዘሩ በቀለ፣ እህሉ አሸተ፣ ጎመራ ይላል፤ የተተከለው ችግኝ ሥር ከያዘ ጸደቀ ይላል፤ ልጁ ጎለመሰ ይላል። ከእነዚህ ቃላት አንዱን በሌላው ቦታ ቢያስገባ ጎረቤቱ ይስቅበታል።

እኛ የተማርነው ግን ሁሉንም በአንድ አቁማዳ ከተትነው። ዛሬ በዜና «ዕዳው አደገ»፣ «የኑሮ ውድነቱ አደገ» ሲባል እንሰማለን። ዕዳ ጨመረ፣ ዋጋ ናረ ይባላል እንጂ እንዴት አደገ ይባላል? ዕዳን «እደግ ተመንደግ» ብሎ የሚመርቅ ማን ነው? ስሕተቱ የመጣው «ግሮውዝ» የሚለውን ቃል በገባበት ሁሉ ዕድገት እያልን ስለተረጎምነው ነው። እንግሊዞች በሰውነት ላይ የሚወጣውን ዕጢ እንኳ «ግሮውዝ» ይሉታል፤ ለእነርሱ ቃሉ ከመጠን በቀር ሌላ አያሳይም። ሳይመን ኩዝኔትስ የተባለው የኤኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ ለክቶ ለኮንግሬስ ሲያቀርብ፣ የአንድ ሕዝብ ደኅንነት ከዚህ ቁጥር ሊታወቅ አይችልም ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። እኛ ዘንድም ኤኮኖሚያችን በዓመት 10 በመቶ ገደማ አደገ እየተባለ በሚነገርበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በደረሰው ድርቅ ምክንያት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው መንግሥት ራሱ አስታወቀ። ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማን አደገ ብሎ ያልጠየቀ ሰው ግን ሁለተኛውን ሲሰማ ይደናገራል።

መንግሥታቱም ከእነዚህ ተመሳሳይ ቃላት እየመረጡ ወስደዋል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያዘምት ስሙ ዕድገት በኅብረት ነበር። ኢሕአዴግ ራሱን ልማታዊ መንግሥት አለ፤ በ2003 ዓ.ም. የጀመረው ዕቅድም የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ተባለ። በ2012 ዓ.ም. ገዥው ፓርቲ ብልጽግና ሆነ። በአባቶቻችን ዘመን «ፕሮግረስ» ለሚለው ይነገር የነበረውን እርምጃን እንኳ ደርግ «አብዮታዊ» ብሎ የግድያ ስም ካደረገው ወዲህ ማንም ደፍሮ ለመልካም ነገር አይጠራውም። ስም ማውጣት የመንግሥት ወግ ነውና አልከራከርም፤ የተሰየመውን መርምሮ መቀበል ግን የተማሪ ሥራ ነበር።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ በየመሥሪያ ቤቱ የሚነገሩትን ሁለት ቃላት ልብ ይበል፤ አልሚና ተነሺ። ገንዘብ ይዞ የሚመጣው አልሚ ይባላል። በቦታው ላይ የኖረው ገበሬ ወይም የከተማ ነዋሪ የልማት ተነሺ ይባላል። አያቱ መንጥሮ፣ አባቱ ድንጋይ ለቅሞ ያለሙት ማሳ «ያልለማ መሬት» ሆነ፤ ያለማው ሰውም አልሚነቱን አጣ። ተነሺ የሚለውም እንደ ተጓዥና እንደ ተመልካች ያለ ቃል ነው፤ በራሱ ፈቃድ ብድግ ያለ ሰው ይመስላል። ሰውዬው ግን አልተነሣም፤ ተነሥ ተብሎ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ራሱ ስለ ካሣና ተነሺዎች መልሰው ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ ሲደነግግ ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ተጀምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ አስተያየት ስንሰጥ የሰማን እንደሆነ፣ ግማሾቻችን ልማት ነው ብለን ዝም አልን፤ ግማሾቻችን ጥፋት ነው ብለን ጮኽን። መንገዱ ሰፍቶ መብራቱ ማማሩን አልክድም፤ ያረጀ ቤትም ለዘላለም ይቁም አልልም። ከየቤቱ የወጣው ሰው የት ደረሰ፣ ከሥራው ምን ያህል ራቀ፣ ጎረቤቱንና ዕድሩን አገኘ ወይስ አጣ የሚለው ግን ልማት በሚለው ስም ውስጥ ተጠቅልሎ ቀረ። ቃሉ የተጠቀለለን መፍታት ማለት ነበር፤ እኛ መጠቅለያ አደረግነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 የልማት መብትን ሲደነግግ፣ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በዚያ አንቀጽ ውስጥ ልማት ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ሰው ነው።

ሐሳቤ እንግዲህ ይህ ነው። «ዴቬሎፕመንት»ን ከአፋችን እናውጣው ማለቴ አይደለም፤ አይቻልምም። በጽሑፋችን ውስጥ ስም ሆኖ በመጣ ቁጥር ግን ወደ ግሥ እንመልሰው፤ ማን አለማ፣ ምን ለማ፣ በማን እጅና በማን መሬት ብለን እንጻፍ። ያን ጊዜ መልስ የሌለው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ራሱን ያጋልጣል። መምህራንም ርእሱን ከመፍቀዳቸው በፊት ይህንኑ ቢጠይቁን አንቀየምም። የአማርኛና የኤኮኖሚክስ ክፍሎች ተማሪዎች ደግሞ «ግሮውዝ»፣ «ዴቬሎፕመንት»፣ «ኤክስፓንሽን» እና «ፕሮግረስ» እያንዳንዳቸው በየትኛው የአማርኛ ቃል ሊተረጎሙ እንደሚገባ ቢከራከሩበት መልካም ነበር። እኔ ለ«ኤክስፓንሽን» መስፋፋትን፣ ለ«ግሮውዝ» እንደ ነገሩ ሁኔታ መጨመርን ወይም ማደግን እመርጣለሁ፤ ለ«ፕሮግረስ» ግን የሚያረካ አላገኘሁም። የተሻለ ያለው ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ።