ደም መመለስም ሥርዓት አለው

ዛሬ ስለ ጉበት ልጽፍ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባዮሎጂ ክፍል "ኦክስጅን ሕይወት ነው" እንላለን። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ደም ተቋርጦበት የቆየ ጉበት የሚጎዳው ደም ባጣበት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ደሙ ሲመለስለትም ይጎዳል። አንዳንዴ እንዲያውም ዋናው ጉዳት ያኔ ነው የሚመጣው።

እንዴት? ደም ሲቋረጥ ሴሎቹ ኤቲፒያቸውን ይጨርሳሉ። ሶዲየምና ካልሲየምን ወደ ውጭ የሚያወጡት ፓምፖች ይደክማሉ፣ ሴሉ ያብጣል። ከዚያ ደሙ ድንገት ይመለሳል። ኦክስጅኑ የሚገባው ግን ሥራው ወደተዛባበት ማይቶኮንድሪያ ስለሆነ በአግባቡ ከመቃጠል ይልቅ የሴሉን ሽፋን ወደሚያጠቁ ሞለኪውሎች ይለወጣል። ጉበት ውስጥ ዘብ የቆሙት ኩፕፈር ሴሎች "ድረሱ!" ይላሉ፣ ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ። የቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ግድግዳ ያብጣል፣ መንገዱ ይጠባል። ትልቁ ደም ሥር ተከፍቶ እያለ ውስጥ ያለው ሴል ደም ላይደርሰው ይችላል ማለት ነው።

ይሄ የሚያጋጥመው በጉበት ንቅለ ተከላ፣ በጉበት ቀዶ ጥገና እና ብዙ ደም ፈሶበት ሾክ ውስጥ በገባ ሰው ላይ ነው።

የኔ ሐሳብ እንግዲህ ይሄ ነው፦ መከላከያ ሲባል ሁላችንም ውድ መድኃኒትና ውድ ማሽን እናስባለን። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ግን የጊዜና የአመላለስ ሥርዓት ነው።

ታሪኩን እዩት። በ1908 እ.ኤ.አ. የግላስጎው ሐኪም ሆጋርት ፕሪንግል የተጎዳ ጉበት ሲደማ ወደ ጉበት የሚገቡትን ደም ሥሮች ቆንጥጦ መያዝ እንደሚቻል ጻፈ። መድማቱን ይቀንሳል፣ ግን ጉበቱ ደም ያጣል። ስለዚህ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች 15 ደቂቃ ይይዛሉ፣ 5 ደቂቃ ይለቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። የዚህ ዘዴ ዋጋ ስንት ነው? ሰዓት ማየት። በቃ።

በ1986 ደግሞ ሙሪ፣ ጄኒንግስና ራይመር በውሾች ልብ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አሳዩ። ልቡን ለ40 ደቂቃ ደም ከመከልከላቸው በፊት ለአምስት አምስት ደቂቃ አራት ጊዜ እየዘጉ ሲከፍቱለት የሞተው ክፍል ካልተዘጋጀው ልብ ወደ ሩብ ያህል ወረደ። ትንሽ ችግር የቀመሰ አካል ትልቁን ይችለዋል ማለት ነው። ሐሳቡ ወደ ጉበት ቀዶ ጥገናም መጣ፤ 10 ደቂቃ መዝጋት፣ 10 ደቂቃ መክፈት፣ ከዚያ ረጅሙን ሥራ መጀመር። በንቅለ ተከላ ላይ ግን ውጤቱ ወጥ አልሆነም፣ ይሄንንም መደበቅ አያስፈልግም።

"ማሽኑስ?" ትሉኛላችሁ። ማሽኑም ጥሩ ነው። በ2018 ኔቸር ላይ የወጣ የ220 ንቅለ ተከላዎች ጥናት ጉበቱን በረዶ ውስጥ ከማስቀመጥ ይልቅ በሰውነት ሙቀት ደም እያዘዋወሩ ማቆየት የጉዳት ምልክት የሆነውን ኢንዛይም በግማሽ እንደቀነሰ አሳይቷል። በ2021 ደግሞ ልባቸው ከቆመ ለጋሾች የተወሰደን ጉበት ከመትከል በፊት ቢያንስ ለ2 ሰዓት ቀዝቃዛ ግን ኦክስጅን ያለው ፈሳሽ ሲያዘዋውሩበት ከባዱ የሐሞት ቧንቧ መጥበብ ከ18 በመቶ ወደ 6 በመቶ ወረደ። ልብ በሉ፣ ማሽኑም የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ደሙ ከመምጣቱ በፊት ሴሉን ያዘጋጃል።

"ይሄ ለሀብታም ሀገር ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ስለ ማሽኑ ከሆነ እስማማለሁ። ስለ ሐሳቡ ከሆነ ግን አልስማማም። በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዳ ሕፃን መጀመሪያ ኤፍ 75 የሚባለው ቀለል ያለ ወተት የሚሰጠው ለምንድን ነው? ድንገት ብዙ ምግብ ሊገድለው ስለሚችል። እናቶቻችንስ ከሁዳዴ ፆም በኋላ ዶሮ ወጡ ከመቅረቡ በፊት ተልባ የሚያጠጡን ለምንድን ነው? የሰውነቱ አሠራር እንደ ጉበቱ አይደለም፣ ጥበቡ ግን ያው ነው፦ ለተጎዳ አካል መስጠት ብቻ አይበቃም፣ አሰጣጡም ይታወቅ።

ሌላም አለ። ስብ የበዛበት ጉበት የደም መቋረጥንና መመለስን እንደ ጤነኛው አይችልም። ስለዚህ ጥበቃው ከቀዶ ጥገናው ክፍል በፊት ይጀምራል፦ ከመጠጥ፣ ከክብደት፣ ከስኳር። እዚህ ሰፈር በየቀኑ የሚተዋወቀው "ጉበት ማጽጃ" ግን ይህን ሥራ አይሠራም። በሆስፒታል ሳይቀር የተሞከሩት አንቲኦክሲዳንቶች ተስፋ የተጣለባቸውን ያህል አልሆኑም፣ የጠርሙሱ ጭማቂማ ከየት አምጥቶ!

ነርስና ሰመመን ሰጪ የሆናችሁ ልጆቼ፣ ይሄ በተለይ ለእናንተ ነው። ቀዶ ሐኪሙ እጁ ሥራ ላይ ነው፣ ዓይኑ የሚደማው ላይ ነው። "ዶክተር፣ 15 ደቂቃ ሞልቷል" የሚለው ሰው እናንተ ናችሁ። ያቺን ቃል ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ አትፈሩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ካለው የጉበት መድኃኒት ሁሉ ርካሹ እሷ ናት።

መልካም ምሽት። የማትስማሙ ካላችሁ ኮመንት ላይ እንነጋገር።