ቸሊቢዳኬን ከሲዲ መስማት ክህደት ነውን?

ሰርጂዩ ቸሊቢዳኬን ከሲዲ የሚሰማ ሰው ቸሊቢዳኬን ክዷል የሚሉ የሙዚቃ ወዳጆች አሉ። እኔ ግን ሲዲዬን ይዤ እከራከራቸዋለሁ።

በመጀመሪያ ሰውዬው ማን እንደነበር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1912 ሩማንያ፣ ሮማን ከተማ ተወለደ። በ1945፣ በርሊን የፍርስራሽ ክምር በነበረችበት ዓመት፣ የበርሊን ፊልሃርሞኒክን የመምራት ዕድል ገጠመው፤ ከዚያም ከ400 በላይ ኮንሰርቶችን መራ። ፉርትቬንግለር በ1954 ሲሞት ግን ኦርኬስትራው የመረጠው ካራያንን ነበር። ካራያን ሸክላ በሸክላ ላይ ሲደራርብ፣ ቸሊቢዳኬ ከስቱዲዮ ራቀ። ከ1979 እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1996፣ የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ መሪ ሆኖ ኖረ።

ክርክሩ የዋዛ አልነበረም። ድምፅ ከአዳራሹ ግድግዳ ተላትሞ ይመለሳል፤ የአጨዋወቱም ፍጥነት ያ ድምፅ እስኪጠራ መታገስ አለበት፤ ማይክሮፎን ደግሞ ይህን ሁሉ አይዝም ባይ ነበር። በዚህም የተነሣ የብሩክነር 8ኛ ሲምፎኒ በሌሎች እጅ 80 ደቂቃ ያህል ሲፈጅ፣ በእርሱ እጅ ሙኒክ ውስጥ ከ100 ደቂቃ አለፈ። ሲዲ አዳራሽን እንደማይተካ እኔም እቀበላለሁ።

ነገር ግን፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ለመሆኑ የሬዲዮ ማይክሮፎን ማይክሮፎን አይደለምን? በስቶክሆልምም ሆነ በሽቱትጋርት የመራቸው ኦርኬስትራዎች የሬዲዮ ጣቢያ ኦርኬስትራዎች ነበሩ። በ1948 ለንደን ውስጥ የቻይኮቭስኪን 5ኛ ሲምፎኒ በሸክላ አስቀርጿል። በስተርጅናው ደግሞ የብሩክነርን ሲምፎኒዎች ካሜራ ፊት መርቷል። ታዲያ በአየር ሞገድ ለመጣ ድምፅ የተፈቀደው ጆሮ፣ ለሲዲ ሲሆን የሚከለከለው በምን ሕግ ነው?

ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ ፈቅዶ ኢ.ኤም.አይ. ከ1997 ጀምሮ የሙኒክ ቅጂዎቹን አወጣ። ይህንን ክህደት የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ትዝታውን ይዞ ያልፋል። እኔ ሙኒክ አልነበርኩም፤ ነገ የሚወለደውም አይኖርም። ቅጂው ባይኖር ኖሮ ስለ ቸሊቢዳኬ የሚቀርልን የአድናቂዎቹና የጠላቶቹ ወሬ ብቻ በሆነ ነበር። ወሬ ደግሞ ለፍርድ አይመችም። የዚያ ዝግታ ፍሬ ጥልቀት ይሁን ግትርነት፣ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ መፍረድ የምችለው ቅጂው ስላለ ነው።

ደብዳቤ የጻፈውን ሰው አይተካም። አይተካም ብሎ ግን የሩቅ ወዳጁን ደብዳቤ ቀዶ የሚጥል ማነው?