አበዳሪ ይጠብቃል፤ ኩፍኝ አይጠብቅም



ዛሬ ስለ ትኩሳት ወይም ስለ ሳል አልጽፍም፤ ስለ በጀት ነው። «ዶክተር ደግሞ ፖለቲካ ጀመረ» የምትሉ አትጠፉም። ግን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የምትባሉት ብዙ ጊዜ ከበጀት የተነሳ ስለሆነ ታገሡኝ።

አገራችን ዕዳ እንደከበዳት ሰምታችኋል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በ1 ቢሊዮን ዶላሩ የዩሮቦንድ ብድር ላይ የደረሰውን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አብዛኛው መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ የሚመጣው ከውጭ ነው። ስለዚህ «የጤና በጀት ጨመረ» ሲባል ቶሎ አትደሰቱ። ብሩ ጨምሮ የሚገዛው ዕቃ ሊቀንስ ይችላል።

ዕዳ አይከፈል አልልም። የተበደረ ይከፍላል። ነገር ግን ከአበዳሪ ጋር መነጋገር ይቻላል። መንግሥት የዕዳ ሽግሽግ የጠየቀው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ድርድሩም ዓመታት ፈጅቷል። አበዳሪዎቹ እያጉረመረሙም ቢሆን ጠብቀዋል። የ9 ወር ሕፃን ግን ዘንድሮ ካልተከተበ ኩፍኝ ድርድር አያውቅም።

ስለ ኩፍኝ ትንሽ ላብራራ። መከላከያ በሌላቸው ሰዎች መካከል አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰዎች ሊያስይዝ ይችላል። ወረርሽኙን ለማቆም ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቱንም ክትባት መውሰድ አለባቸው። ኩፍኝ ሽፍታ ብቻ አይደለም፤ የሳንባ ምች፣ ከባድ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም ዓይነ ስውርነት ያስከትላል። ከዚህ በፊት ለያዙት በሽታዎች ሰውነቱ ያከማቸውን መከላከያ ስለሚያጠፋበት፣ ከኩፍኝ የዳነ ልጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በሌላ በሽታ በቀላሉ ይጠቃል። ልጁ በሳንባ ምች ሆስፒታል ሲተኛ ኦክስጅን፣ መርፌ፣ አልጋ ያስፈልገዋል። አባት ከሥራው ይቀራል፤ ገጠር ከሆነ ፍየል ወይም በሬ ይሸጣል።

ይህን ሁሉ የሚከላከለው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ፍሪጁ ሲበላሽ መለዋወጫ ይፈልጋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ራቅ ያለ መንደር ለመሄድ የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልጋታል። በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚቆረጠው ይኸው ነው። ደመወዝ በአንድ ቀን አይቆረጥም፣ የተጀመረ ሕንፃም አይቆምም። እውነቱን ለመናገር፣ ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ለፍሪጅ መለዋወጫ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አላየሁም።

መቀንጨርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከእርግዝና እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባለው ጊዜ የተጓደለ እድገት በኋላ ሙሉ በሙሉ አይካካስም። «ዕዳው ሲቃለል እንደርስላቸዋለን» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር። እኛ አልደረስንበትም። ወለድ መክፈል ባቃተበት ጊዜ «15 በመቶ አሁኑኑ» ማለት ራስን ማታለል ይመስለኛል። የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፦ ክትባት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ፣ የወሊድ አገልግሎት፣ ኦ አር ኤስና ዚንክ ምንም ቢመጣ የማይነኩ ይሁኑ። ሌላው ይዘግይ፤ አዲስ የሆስፒታል ሕንፃም ቢሆን ይዘግይ። ዕርዳታ ይሸፍነዋል የሚል ካለ፣ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ሲያቆም የሆነውን ያስታውስ።

እናንተስ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳው ገንዘብ ለምን እንደሚውል የሚወሰነው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ጤና ጣቢያዎችም የኅብረተሰብ ተወካይ ያለበት ቦርድ አላቸው። የእናንተ ተወካይ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስታገኙት «ጤናችን ይታሰብበት» ብላችሁ አትለፉት፤ የክትባት ፍሪጁ ይሠራል ወይ? ባለፉት ሦስት ወራት ኦ አር ኤስና ዚንክ ለስንት ቀን ጠፍቶ ነበር? በሉት። እንዲህ ያለ ጥያቄ በደፈናው አይመለስም።

ዛሬ ማታ ደግሞ የልጃችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ እዩ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው፤ ብዙ ወላጆች ሁለተኛውን ይረሱታል። ቀኑ ካለፈ «አለፈው» ብላችሁ አትቅሩ፤ በዚህ ሳምንት ውሰዱት። በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።