አቤቱታችን የት ደረሰ?

"አቤት!" ስሙ የተጠራ ሰው መልስ ነው። "አቤት!" የተበደለ ሰው ጩኸትም ነው። አማርኛችን ጩኸቱንና መልሱን በአንድ ቃል ማሰሩ ሁሌም ይገርመናል። በምክር ቤቶቻችን ደጃፍ ግን ጩኸቱ ብቻ ቀርቷል። ተበዳዩ "አቤት" ይላል፤ "አቤት" ብሎ የሚመልስለት የለም።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን ከሰላማዊ ሰልፍ ጎን አስቀምጧል። መልካም! ግን አንቀጹ የሚያወራው ስለ አቅራቢው ነው። ተቀባዩ በስንት ቀን፣ በምን መልክ እንደሚመልስ አይነግረንም።

እስቲ የለመድነውን ጉዞ አስቡት። አንዲት መምህርት ደመወዟ ዘገየ እንበል። ማመልከቻ ጻፈች፣ መዝገብ ቤት አስገባች፣ ወረቀቱ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴውስ? "ጉዳዩን አይታችሁ ምላሽ ስጡ" የሚል ሸኚ ደብዳቤ አያይዞ ይልከዋል። ለማን ቢሉ፣ ደመወዙን ላልከፈለው ለዚያው መሥሪያ ቤት! ከዚያ በኋላ "ተመርቷል" ነው መልሱ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኼ ነው።

ይህን ዛሬ የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሞ ዞን በ2015 ዓ.ም በሕዝበ ውሳኔ ከተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አንዱ ነው፤ የክልሉ ምክር ቤት መቀመጫም አርባ ምንጭ ሆኗል። ምክር ቤቱ ጎረቤታችን ነው ማለት ነው። ጎረቤት ደግሞ ሲጠራ ይሰማል።

መስማትን ለመማርም ሩቅ መሄድ አያሻም። ጋሞ ዱቡሻ አለው። ነገር በአደባባይ ይነሳል፣ ሁሉም እያየ ይመረመራል፣ እስኪግባቡ ይወያያሉ። መስከረም 2011 ዓ.ም ከቡራዩ ግድያ በኋላ ወጣቱ ተቆጥቶ አርባ ምንጭ አደባባይ ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ሰምቶ ተመለሰ። ዱቡሻ እንከን የለውም አንልም፤ ሴቱን፣ ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ሠሪውን ዳር ያስቀምጥ ነበር። የምንወስደው ግልጽነቱን ነው፤ ወንበሩን ደግሞ ለሁሉም እናደርገዋለን።

ከባሕር ማዶ ካስፈለገ ስኮትላንድ አለች። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንድ ሰው ፊርማ እንኳ ለፓርላማው አቤቱታ ኮሚቴ ይበቃል። በ2014 እ.ኤ.አ. ለማህፀን መውረድና ለሽንት ማምለጥ ሕክምና ተብሎ በገባላቸው ሰው ሠራሽ መረብ የተጎዱ ሴቶች አቤት አሉ። ኮሚቴው በግልጽ ስብሰባ ሰማቸው። የጤና ሚኒስትሩ በዚያው ሰኔ ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምናውን እንዲያቆሙ ጠየቀ። በ2022 ደግሞ መረቡን በራሳቸው ወጪ ላስወጡ ሴቶች ገንዘባቸው እንዲመለስ ሕግ ወጣ።

"አቤቱታው ይበዛል፣ ግማሹም የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው" የሚሉን አሉ። ልክ ናቸው። ግን "ይህ አይመለከተንም፣ ወደዚህ ሂዱ" ማለትም መልስ ነው፤ በጽሑፍና በቀኑ ከተሰጠ።

እኛ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። እያንዳንዱ አቤቱታ ቁጥርና የመልስ ቀን ይኑረው። የተከሰሰው መሥሪያ ቤት ኮሚቴው ፊት ቀርቦ፣ አቤት ባዩ እየሰማ ይጠየቅ። በየ3 ወሩም ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደተመለሰና ስንት እንደተንከባለለ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ።

አንቀጽ 30 አቤቱታንና ሰልፍን ጎን ለጎን ያኖራቸው በከንቱ አይመስለንም። አንደኛው በር ሲዘጋ ሰው የሚያንኳኳው ቀጣዩን ነው። ሁሌ ደግሞ እርጥብ ሣር የያዙ አባቶች በሰዓቱ አይደርሱልንም።

አቤት በሉን!