ቀይ መስመሩ ያረፈበት ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም



በዚህ ሴሚስተር ኦካምል የምንማር ተማሪዎች ከመግሪብ በኋላ ተሰብስበን ስናጠና አንድ ነገር ታዝበናል። ታይፕ ቼከሩ ኤረር ሲያወጣ አብዛኞቻችን መልእክቱን አናነበውም። ወይ ሲኒየር እንጠራለን፣ ወይ ኤረሩ እስኪጠፋ ድረስ ኮዱን እንነካካለን። በእኛ አስተያየት ይህ ልማድ ከኤረሩ የባሰ ነው።

የገጠመንን እንንገራችሁ። ውጤት የሚደምር ፈንክሽን ጽፈን 3.5 እና 4.0 ያሉበትን ሊስት ሰጠነው። ኮምፓይለሩ 3.5 ላይ አስምሮ «ይህ ፍሎት ነው፤ የሚጠበቀው ግን ኢንት ነው» የሚል መልእክት አወጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ 3.5 ላይ አፈጠጥን። ቁጥሩ ምን አጠፋ? በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ 3.5ን 3፣ 4.0ን ደግሞ 4 አደረጋቸው። ኤረሩ ጠፋ፣ ፕሮግራሙም ሠራ። ድምሩ ግን 7.5 መሆን ሲገባው 7 ሆነ። ቼከሩን ዝም አሰኘነው እንጂ አላዳመጥነውም።

ጥፋቱ የነበረው ከላይ፣ ፈንክሽኑ ውስጥ ነው። በኦካምል ተራው የመደመር ምልክት ለሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ ለፍሎት ከመደመሩ ቀጥሎ ነጥብ ያለበት ሌላ ምልክት አለ። እኛ ተራውን ምልክት፣ ለባዶ ሊስት ደግሞ 0ን ስለጻፍን፣ ቼከሩ ፈንክሽኑ የሚቀበለው የኢንት ሊስት ነው ብሎ ደመደመ። ያመነው የጻፍንለትን ነው።

ሮቢን ሚልነር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ታይፑን እኛ ባንጽፈውም ቼከሩ ከአጠቃቀሙ ሊያወጣው ይችላል። ይህ ድካም ይቀንሳል። ነገር ግን ኤረሩ የሚወጣው ግጭቱ በታየበት መስመር ላይ ነው፤ ግጭቱ የተፈጠረው ግን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መልእክቱን በሁለት ጥያቄ እናንብበው፦ የሰጠሁት ምንድን ነው? ኢንት እንዲጠበቅ ያደረገውስ የትኛው መስመር ነው? መልሱ ካልታየን የፈንክሽኑን ታይፕ በእጃችን እንጻፍ። እኛም የፍሎት ሊስት ተቀብሎ ፍሎት እንደሚመልስ ስንጽፍበት ኤረሩ 3.5ን ትቶ 0 ላይ አረፈ። 0ን 0.0 ስናደርገው ወደ መደመሩ መስመር ተሻገረ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም።

«ቼከሩ በጥቃቅን ነገር ያደክመናል» የሚሉ አሉ። ድካሙን አንክድም። ግን ነገ የባንክ ሒሳብ ወይም የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ኮድ የምንጽፈው እኛው ነን። ያኔ የጠፋችው ግማሽ የሰው ገንዘብ፣ የሰው ጤና ናት፤ አማና ናት።

ሲኒየሮቻችንም አንድ ነገር እንለምናችሁ፦ ስንጠራችሁ ኮዱን ከማስተካከላችሁ በፊት «መልእክቱ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁን።